ያላቃጠለ መድኃኒት

ድሬሰሩ ጨው ውኃውን በቀጭን ጎማ ጉልበቴ ውስጥ ሲለቀው፣ ባለቤቴ አስካለ ከአልጋው ግርጌ ቆማ ፊት ፊቴን ታያለች። አላቃጠለኝም። እሷን ያቃጠላትም ይኸው ነበር።

መቼም እኛ ያላንገበገበን ነገር አይፈውሰንም። መርፌው ካላመመ ውኃ ወጉኝ እንላለን፤ ሽሮፑ ካልመረረ ሻይ ነው እንላለን። ዘመኑም ነው መሰል፤ በደርግ ጊዜ ናዝሬት ውስጥ ለስላሳ ነገር የሚያምን ሰው አልነበረም።

ጋሪ ነጂ ነበርኩ። ፈረሴ ቦራ ደንብሮ ጋሪው ጉልበቴ ላይ ተገለበጠ። ቁስሉ ወደ ውስጥ መገለ። ሐኪሙ ከፍቶ አጸዳውና መግሉ እስኪጠራ በየቀኑ በጨው ውኃ ብቻ እንዲታጠብ አዘዘ። «ብቻ» የምትለዋን ጫን ብሎ ነው ያላት።

አስካለ ግን ጨውማ ከጓዳዬም አለ ብላ ተከፋች። ድሬሰሩ የሁሩታ ልጅ፣ እሷም የሁሩታ ልጅ፤ በአገር ልጅነት ትለማመጠው ጀመር። እንቢ ሲላት ሰነበተ። ሐኪሙ ለውይይት ክበብ በተጠራ ዕለት ግን በአባትህ አጥንት ብላ ያዘችው። በዚህማ ማን ይጨክናል? መቀስና ቢላ የሚዘፈዘፍበትን ኃይለኛ መድኃኒት አምጥቶ አጠበኝ። ትራሱን ነከስኩ። እኔን ባንገበገበኝ ቁጥር የእሷ ፊት እየበራ ሄደ።

ቁስሉ ቶሎ ደረቀ፤ ጎረቤት እያየ አደነቀ። ጉልበቴ ግን ሳጥፈው እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይፋጭ ጀመር። ሐኪሙ ዳሰሰው።

«ጋሼ፣ በአጥንትና በአጥንት መሀል ያለው ልስልስ ነገር ሕይወት አለው» አለኝ። «ደም ስር የለውም፤ በዙሪያው ያለውን እርጥበት እየጠጣ ነው የሚኖረው። እንደ ቆቃ ዓሣ ያስቡት። ሐይቁን ላጽዳ ብሎ በረኪና የሚያፈስበት አለ?»

ጨው ውኃውም ቢሆን የራሱን እርጥበት አያህልለትም፣ ግን ይችለዋል አለ። ከመግሉ የተረፈውን ልስልስ ነገር አንድ ኃይለኛ መድኃኒት ጨርሶታል፤ የሞተውም አይተካም። ዓይን ሊኩሉ ዓይን ማጥፋት ይሏል ይሄ ነው።

ማን ምን እንዳፈሰበት ጠየቀኝ። በዚያ ዘመን የሰው ስም መጥራት ምን እንደሚያስከትል እናንተም ታውቃላችሁ። አላየሁም አልኩ።

ለአስካለም አልነገርኳት። ምን ብዬ? እሷ እንደሆነ ሐኪሙ በጨው ውኃ ጉልበቱን አቀለጠው እያለች ለቀበሌው ሁሉ ስታወራ ኖረች። የዚያ ደግ ሰው ስም በከንቱ ጠፋ።

ቦራም በሌላ ጋሪ ነጂ እጅ ገባ። በደጄ ባለፈ ቁጥር ተሳፋሪውን እንደያዘ ቀጥ ይላል። ነጂው ይገርፈዋል። እኔ ከተቀመጥኩበት ድንጋይ ላይ ፊቴን አዞራለሁ።

አስካለ በታመመች ጊዜ ሁለቱን ምርኩዞቼን ግድግዳ አስደግፌ አልጋዋ ጫፍ ተቀመጥኩ። እሷም ምርኩዞቹን አየት አድርጋ እጄን ያዘችና፣

«ይቅር በለኝ» አለችኝ፤ «ያንን ጨው ውኃ ገና በመጀመሪያው ቀን አስቁሜው ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ቆመህ ትቀብረኝ ነበር።»