የሁዳዴው ክትፎና የባሕር ኃይሉ በር

ሥራህ ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ባንድ ቃል የሚመልስ ሰው የታደለ ነው። «ታክሲ» ይላል፣ «ነርስ» ይላል፣ አለቀ፤ ጠያቂውም ስንት እንደሚከፈለው በሆዱ አስልቶ ወደ ሌላ ወሬ ይሻገራል። እኔን ሲጠይቁኝ ግን መከራ ነው። ሥራዬ ሰርጎ መግባት ነበራ! አዎ፣ ያ በልጅነታችን በሬዲዮ ስሙ ሲነሳ እናቶቻችን መስኮት ይዘጉበት የነበረው ሰርጎ ገብ እኔ ነበርኩ። ልዩነቱ ደመወዝ፣ ኢንሹራንስና የዓመት ፈቃድ ያለኝ ሰርጎ ገብ መሆኔ ነው።

እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ አንድ ትንሽ ድርጅት ቀጥሮኝ፣ የጦር መርከብ አዛዦች ትዕዛዝ የሚሰጡባቸውንና እርስ በርስ የሚነጋገሩባቸውን ኮምፒውተሮች እንፈትሽ ነበር። ጠላት ሰብሮ ከመግባቱ በፊት እኛ ሰብረን እንገባና «በዚህ በኩል ክፍት ነው፣ ድፈኑት» እንላለን። ይህን ለማንም ላለመናገር ፈርሜያለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ድርጅቱ ከተዘጋ ስለቆየ ነው፤ ቢሆንም ለጥንቃቄ የማወራው ስለ ክትፎው ብቻ ነው። እስቲ አስቡት፣ ባሕር የሌላት አገር ልጅ የሌላውን አገር ባሕር ኃይል ሲጠብቅ! ዋና እንኳ አልችልም።

ያን ጊዜ ታዲያ ሐሳቤ መርከብ ላይ አልነበረም፤ በርክ በምትባል ጎረቤት ከተማ ነበር። እዚያ የምትኖር ራሔል የምትባል ልጅ ወድጄ ለእናቷ ለወይዘሮ የሺ ሽማግሌ ልኬያለሁ። ወይዘሮ የሺም እንደ ደንቡ «አጣርተን እንነግራችኋለን» ብለው የመልሱን ቀን ለእሑድ ቆርጠዋል። አጣርተን! የአሜሪካ መንግሥት እንኳ ለዚህ ሥራ ሲያጣራኝ ታኮማ ፓርክ የነበሩትን አከራዬን ጠይቆ፣ የባንክ ወረቀቴን አገላብጦ ተወኝ። ወይዘሮ የሺ ግን በዚህ የሚበገሩ ሴት አይደሉም። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ይጾማል ወይ?» የሚል ነበር። ሽማግሌዎቼም አፋቸውን ሞልተው «እንዴታ!» ብለዋል። እኔ እንኳ በጾም በኩል ይህን ያህል የበረታሁ አይደለሁም፤ ግን ሽማግሌ ሲናገር መሐል ገብቶ ማረም ነውር ነው።

በዚያው ሳምንት አለቃዬ ዳግ አዲስ ሥራ አመጣ። ለመርከብ የመገናኛ መሣሪያ የሚሠራ አንድ ኩባንያ አለ። ሕንፃው ከውጭ ሲያዩት የጥርስ ሐኪም ቤት ይመስላል፤ ውስጡ ግን የመርከብ አዛዥ ክፍል ቁርጥ እሱን ሆኖ ተሠርቶበታል። በኢንተርኔት በኩል ብንሞክር ወይ ፍንክች! ሐሰተኛ ኢሜል ብንልክ የሚከፍት ጠፋ። ዳግ እንግዲህ በበሩ እንሞክር አለ። ነገሩ ቀላል ነው፤ አንዲት ፍላሽ ይዤ ገብቼ ከዚያ ክፍል ኮምፒውተሮች ባንዱ ላይ ብሰካት አሸነፍን ማለት ነው። ብያዝ ደግሞ ኪሴ ውስጥ «ይህ ሰው ሌባ አይደለም፣ እኛው ነን ያስመጣነው» የሚል የኩባንያው ደብዳቤ አለልኝ።

እንዴት ልግባ? ዳግ በሥራው የኖረ ሰው ነው፤ ሁለት እጁ በምግብ የተያዘበትን ሰው በር የሚዘጋበት የለም ይላል። እዚያ ደግሞ አቶ ኃይሉ የሚባሉ ያገራችን ኢንጂነር ይሠራሉ፤ አንዳንዴ ያበሻ ምግብ አስመጥተው ፈረንጆቹን ይጋብዛሉ አሉ። ስለዚህ «የአቶ ኃይሉ ትዕዛዝ ነው» ብዬ ልገባ ተስማማን። የምግቡን ዓይነት የመረጠው ዳግ ነው፤ ሜኑው ላይ ፎቶውን አይቶ «ይሄ ቀዩ ያምራል» አለ። ቀዩ ክትፎ ነበር።

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! ዓርብ ረፋዱ ላይ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለ ምግብ ቤት ክትፎውን ላነሳ ስሄድ፣ አስተናጋጇ ከላይ እስከ ታች አይታኝ «ለፈረንጅ ነው አይደል?» አለችኝ። አዎ ስላት «ተመስገን» ብላ ጠቀለለችልኝ። እዚህ ላይ እንኳ አልነቃሁም። ባለሙያ ተብዬው!

ዘዴው ታዲያ ምን ያህል እንደሠራ ብነግራችሁ አታምኑኝም። የመኪና ማቆሚያው ዘበኛ ትሪውን አይቶ አሳለፈኝ። ዋናው በር ላይ አንዲት ሴትዮ ስልክ እያወራች በሩን በእግሯ ያዘችልኝ። በካርድ የሚከፈተው በር ጋ ስደርስ፣ ለጉብኝት የመጣ፣ ትከሻው ላይ ወርቅ የደረደረ መኮንን አስከፈተልኝና አፍንጫውን ወደ ትሪው አስግጎ «ሽታው!» እያለ አስገባኝ። ስንት ገንዘብ የፈሰሰበት አጥር በንጥር ቅቤ ሽታ ተከፈተ እላችኋለሁ።

የቀረኝ አንድ በር ብቻ ነው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የጥበቃ ዩኒፎርም ለብሰው፣ ማተባቸውን ከኮሌታቸው በላይ አውጥተው የተቀመጡት እትዬ ሙሉ ናቸው። ስማቸውን ከደረታቸው ላይ አነበብኩ፤ ያገሬ ሰው ናቸው ብዬ ደስ አለኝ፣ እኔ ጅሉ! ለማን ነው አሉኝ፣ ለአቶ ኃይሉ አልኩ። ለደንቡ ክዳኑን ገለጥ አድርገው አዩና መልሰው ከደኑት። ቀና ብለውም «ልጄ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» አሉኝ። መዝገብ ላይ ሊጽፉት መስሎኝ ፈርጠም ብዬ «ዓርብ» አልኳቸው።

«ወሩስ?» ሲሉኝ ነው የነቃሁት። ያውም ዓርብ፣ ያውም በሁዳዴ! አቶ ኃይሉ ለካ እንኳን ክትፎ ሊያዙ፣ ወተት የነካው ማንኪያ የማይነኩ ሰው ኖረዋል። እትዬ ሙሉ ዓይናቸውን ከዓይኔ ሳይነቅሉ ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ደወል ተጫኑት። ምን ልበላችሁ፣ ሁለት ግንድ የሚያካክሉ ወጣቶች መጥተው ፊቴን ከግድግዳ ጋር አሳሳሙኝ። እሳቸው ከኋላዬ ቆመው ይቆጡኛል። በመንግሥት ንብረት ወይም በመርከብ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ፤ «እናትህ እንዲህ ነው ያሳደገችህ?» ነው የሚሉኝ።

ደብዳቤው ወጥቶ፣ ተደውሎ፣ ተጣርቶ ተለቀቅሁ። እትዬ ሙሉ መታወቂያዬን ሲመልሱልኝ ስሜን ደግመው አነበቡና፣ በዝግታ፣ «የየሺን ልጅ የጠየቅኸው አንተ ነህ እንዴ?» አሉኝ። የዚያን ጊዜ ግድግዳው ናፈቀኝ። ከወይዘሮ የሺ ጋር አንድ ማኅበር ይጠጣሉ!

ዳግ ግን ደስታውን አልቻለውም፤ ከዚያ በፊት ማንም ይዞኝ አያውቅማ። እትዬ ሙሉን እንዴት ነቁበት ብሎ ሲጠይቃቸው «ፍራይደይ» አሉት። ሪፖርቱ ላይ እንዳብራራው ታዘዝኩና «ከልማድ ውጭ የሆነ እንቅስቃሴን በቀን መቁጠሪያ የመለየት ዘዴ» ብዬ ጻፍኩ። ኩባንያው ወዶት በየጥበቃው ጠረጴዛ የአጽዋማት ቀን መቁጠሪያ አሰቀለ። አንዱ መሐንዲስማ ይሄ ነገር በኮምፒውተር ሊሠራ ይችላል ወይ ብሎ ጠይቆኛል።

አንድ ነገር ብቻ ሳይፈታ ቀረ። እትዬ ሙሉ ክትፎውን «ኤግዚቢት ነው» ብለው በቀይ ማሸጊያ አሽገው የጥበቃዎች ፍሪጅ ውስጥ አስገብተውት ነበር። ከሰዓት በኋላ ዳግ ለሪፖርቱ ፎቶ ላንሳው ብሎ ሲያስከፍት ማሸጊያው እንዳለ አለ፤ ትሪው ግን ተጠርጎ ባዶ ነው። በዚያ ሁሉ ካሜራና ካርድ መሐል! ሁሉም በሆዱ ያን ሽታ የወደደውን መኮንን ጠረጠረ፤ ትከሻው ላይ ወርቅ ያለውን ሰው ግን ማን ይጠይቀዋል? ዳግ ሪፖርቱ ላይ «ከውስጥ የሚመጣ አደጋ አለ» ብሎ ዘጋው።

እኛ መልእክት ከመርከብ መርከብ ቶሎ ይድረስ፣ መሐል ላይ አይጠለፍ እያልን ስንለፋ እንኖራለን። የእትዬ ሙሉ መልእክት ግን እኔ የወንዙን ድልድይ ተሻግሬ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ ሳልደርስ በርክ ገብቷል። ስለ ሕንፃው ትንፍሽ አላሉም፤ ፈርመዋላ! ስለ ክትፎ የፈረሙት ነገር ግን የለም። ቅዳሜ ጠዋት ራሔል ኮል አደረገችኝ። «ሊስን፣ ማሚ ከትናንት ጀምሮ ክትፎ ክትፎ እያለች ነው። ከማን ጋር ነው የበላኸው?» አለች። ልነግርሽ አልችልም አልኳት። «ዋት ዱ ዩ ሚን አልችልም? ክትፎ እኮ ነው!» ፈርሜያለሁ ስላት «ለክትፎ ፈረምክ?» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችብኝ። ውሸታም መባል አንድ ነገር ነው፤ እሷን ማጣት ግን ሌላ ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ሲገቡ እኔ እንደ ወጉ ውጭ መኪና ውስጥ ቀረሁ። ብዙ ሳይቆዩ ይግባ ተባልኩ። ስገባ እትዬ ሙሉ ነጭ በነጭ ለብሰው ከወይዘሮ የሺ ጎን ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ራሔል የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። ጋሽ ታደሰ፣ አዲስ አበባ ዳኛ የነበሩት፣ እዚህ ፓርኪንግ የሚሠሩት ዋናው ሽማግሌዬ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው የት እንዳዩኝ ጠየቋቸው። እትዬ ሙሉ መናገር አልችልም አሉ። እኔን ጠየቁኝ፣ አልችልም አልኩ። ክትፎውን ለምን ያዝከው አሉኝ፣ አልችልም። ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ከሳሽም ተከሳሽም አፉን የለጎመበት ችሎት ዛሬ ገና አየሁ አሉ።

ወይዘሮ የሺ ትዕግሥታቸው አለቀ። «እሺ፣ የቱም ይቅር፣ ለምኑም ይቅር። ሙሉ፣ በልቶታል ወይስ አልበላውም? ይሄን ብቻ ንገሪኝ» አሉ። እኔ አልበላሁም ብል ማን ያምነኛል? እትዬ ሙሉ ነጠላቸውን አስተካከሉና «አልበላውም» አሉ። እንዴት አወቅሽ ቢሏቸው፣ «መድኃኔ ዓለምን! አንዲት ጉርሻ አልቀመሰም። በዚህ ጉዳይ እንደኔ እርግጠኛ የሆነ ሰው የለም» ብለው ማተባቸውን ጨበጡ። ከእንዲህ ያለ ምስክር በኋላ ምን ይባላል? ወይዘሮ የሺ «እንግዲያው ልጃችሁ ልጃችን ነው» አሉ። እልልታው ሲቀልጥ እኔ አላለቀስኩም ብዬ አልዋሻችሁም።

ሠርጉ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሆነ። እኔና ራሔል በየጠረጴዛው እየዞርን እንግዳ ስናመሰግን እትዬ ሙሉ ዘንድ ደረስን። ሳህናቸው ላይ ክትፎ ተከምሯል። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩና፣ እትዬ፣ የዚያን ቀን ምስክርነትዎ ባይኖር ኖሮ ዛሬ እዚህ አልቆምም ነበር አልኳቸው። አንገቴን ያዝ አድርገው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ይሄኛው ይሻላል፣ ልጄ። የዚያን ዕለቱ ሚጥሚጣ አንሶት ነበር።»