አማቴ፣ እኔና የደሴቲቱ ፍል ውሃ

ሰው ከሰፈሩ በራቀ ቁጥር አንገቱ የሚረዝም ይመስለኛል። ዕድሜውን ሙሉ ቃሊቲ ታክሲ ሲጋፋ የኖረ ሰው፣ አንድ ቀን መርከብ ላይ ይውጣና እዩት፤ ወዲያው የመሳፍንት ዘር ይሆናል። የማንን ታሪክ ነው የምታወራው እንዳትሉኝ። የራሴን ነው።

የባለቤቴ ታናሽ እህት ትዕግስት በአንድ ትልቅ የሽርሽር መርከብ ላይ ክፍል ታጸዳለች። መሥሪያ ቤቷ ለሠራተኞቹ ወላጆች ነፃ ጉዞ ሲፈቅድ እናቷን፣ እማማ በላይነሽን ጠራች። እንግሊዝኛ ስለማያውቁ፣ ትዕግስትም ሥራ ላይ ስለምትውል አስተርጓሚ ይከተላቸው ተባለና ቤተሰቡ እኔን መረጠ። ከአቃቂ ስንነሳ የጎረቤቱ ሁሉ አደራ አንድ ነበር፦ እማማን ከዓይንህ እንዳታጣቸው።

እማማ በላይነሽ ከአቃቂ ኮዬ ፈጬ እኛ ቤት ሲመጡ፣ ታክሲ ውስጥ አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው ሳይወርድ የልጆቹን ስም አውቀው ይጨርሳሉ። እዚህ ሲሆን ደስ ይለኛል። መርከቡ ላይ ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ነጠላቸውም፣ ከቤት ይዘውት የመጡት በሶም፣ አስተናጋጁን ሁሉ “ተባረክ” ማለታቸውም ያሸማቅቀኝ ጀመር። እኔ እኮ ቃሊቲ የመለዋወጫ ዕቃ መጋዘን ሠራተኛ ነኝ። አብረውን ለሚበሉት ጡረተኛ ባልና ሚስት ግን የሎጂስቲክስ ባለሙያ ነኝ ብያለሁ። ዋሸሁ እንዴ? ዕቃ አስገባለሁ፣ ዕቃ አስወጣለሁ።

ጉዞው ወደ ማለቂያው ሲቃረብ መርከቡ አንዲት የእሳተ ገሞራ ደሴት ፊት ለፊት ቆመ፤ በትንንሽ ጀልባዎች ወደ ዳር ወሰዱን። መሬቱ ከሰል ነው። ከስንጥቁ እንፋሎት ይወጣል፣ አየሩ ክብሪት ክብሪት ይላል። አስጎብኚዋ ወጣት ታስረዳለች፤ እኔም የገባኝን እተረጉማለሁ፣ ያልገባኝን እፈጥራለሁ። ከሥር እሳት ስላለ ያ ከፊታችን ያለው ኩሬ ሞቃት ነው አልኳቸው። የእማማ ፊት በራ።

“ታዲያ ፍል ውሃ ነው አትለኝም?” አሉ።

ጫማቸውን አወለቁ፣ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበት ሰበሰቡ፣ አማተቡና ገቡ። ውሃውን እየዘገኑ መጀመሪያ ያንን የሚያስቸግራቸውን ጉልበት፣ ቀጥሎ ወገባቸውን፣ በመጨረሻም አናታቸውን አራሱ። ጸሎቱ ደግሞ በለሆሳስ አይደለም። ጎብኚው ሁሉ ዞረ። አስጎብኚዋ ድንጋዩ እንዳያንሸራትታቸው ፈርታ የሚነግርላት ሰው ስትፈልግ ወደ እኔ መጣች። እኚህ እናት ከእርስዎ ጋር ናቸው ወይ ብላ በትህትና ጠየቀችኝ።

“ኖ” አልኩ።

ከመላው ጎብኚ መካከል ሐበሻ እኔና እርሳቸው ብቻ ነን! ልጅቷ እኔን አየች፣ እርሳቸውን አየችና ሄደች። እማማ ሰምተውኝ ይሆን? “ኖ” የማይገባው ሰው አለ? ቀና ብለው አዩኝና ወደ ጸሎታቸው ተመለሱ።

ወዲያው ጡረተኛዋ ሴትዮ ምርኩዟን ጥላ ጫማዋን ማውለቅ ያዘች። ባሏ ተከተላት። ከዚያማ ማን ቀረ? እማማ ውሃ እየዘገኑ የፈረንጅ ጉልበት ያሻሉ፤ ፈረንጆቹ ይስቃሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይመረቃሉ። እኔ ሎጂስቲክሴን ይዤ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ብቻዬን ቆሜ ቀረሁ።

በመልስ ጀልባ አጠገባቸው ልቀመጥ ብል ቦታው ተይዟል። ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ከኋላቸው ተቀመጥኩ፤ ሳልጀምረው ጀልባው ደረሰ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እራት ላይ የኩሬው ሰዎች እማማን በትልቁ ገበታ መካከል አስቀምጠው ከበዋቸዋል። እኔ ሳህኔን ይዤ ዙሪያውን ሳንዣብብ አስተናጋጁ ደረሰብኝ። ወደ እማማ ጎንበስ ብሎ፣ በጣቱ እኔን እያሳየ፣ ይሄ ሰው የእርስዎ ነው ወይ አላቸው። ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። ዳቦአቸውን አኝከው እስኪጨርሱ ሁላችንም ጠበቅን። እነዚያ ባልና ሚስት እያዩኝ ነው። “ኖ” ቢሉስ?

“ምን ይደረግ፣ የኔ ነው” አሉ።

አስተናጋጁ ምን አሉ በሚል ዓይን ወደ እኔ ዞረ። “የኔ ነው” የምትለዋን ብቻ ተረጎምኩለት።