ለኩስኩስ የተላከ ሽማግሌ

ሰው የሚጣላው ከማይመስለው ሰው ጋር ነው የሚል ካለ፣ ወይ አግብቶ አያውቅም ወይ ወንድም የለውም። ከማይመስልህ ሰው ጋር ምን ያጣላሃል? ቢበዛ ባቡር ውስጥ ትገፋፋለህ፣ «ሶሪ» ትባባላለህ፣ አበቃ። ልብ የሚያደማው ጠብ ከሚመስልህ ጋር የምትጣላው ነው። ይህን ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ሎንዶን፣ ካሌዶኒያን ሮድ ላይ በአንድ አልጄሪያዊ ካፌ ወጥ ቤት ውስጥ ስምንት ዓመት ሽንኩርት ስከትፍ ጆሮዬ የለቃቀመው ነው።

እዚያ ወጥ ቤት ሆናችሁ ብታዳምጡ፣ ሰሜን አፍሪካዊ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የማይከራከር ደንበኛ አታገኙም። አንዱ ቋንቋው ነው ይላል፣ ሌላው ሃይማኖቱ፣ ሦስተኛው፣ ሰው በርበር የሚለው፣ «እኛ አማዚጎች ከሁሉም በፊት ነበርን» ብሎ ጠረጴዛ ይመታል። ግብፃዊው «እኛንስ ትቆጥሩናላችሁ?» ሲል ሁሉም አቀርቅሮ ሻዩን ይጠጣል። እኔም በበኩሌ የደረስኩበት ነገር ነበር፦ ሰሜን አፍሪካዊ ማለት «ኩስኩስ የኛ ነው፣ እነዚያ ከእኛ ነው የተማሩት» የሚል ሰው ነው። ኩስኩስ፣ ለማታውቁት፣ በእንፋሎት የሚበስል ቅንጬ ቢጤ ነው። ይህን እንኳ እዚያ ካፌ ውስጥ ጮክ ብዬ ተናግሬው አላውቅም።

የካፌው ባለቤት አብደልቃድር ልጁን ሳሚራን ሊድር ነበር። ሙሽራው ዩሱፍ የሐሰን ልጅ ነው፤ ሐሰን ደግሞ ከካፌው አራት በር ዝቅ ብሎ አትክልት የሚሸጥ ሞሮኳዊ። የአገሮቻቸው ድንበር ተዘግቶ ሲኖር የእነዚህ ሁለት አባቶች በር አንድ ቀን ተዘግቶ አያውቅም ነበር። ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ግን ኩስኩሱን የማን ወገን ይሥራ የሚል ነገር ተነሳ። የአብደልቃድር እናት የምትሠራው በነጭ መረቅ ነው፤ የሐሰን ወገን ደግሞ ሰባት ዓይነት አትክልት ካልገባበት ኩስኩስ አይለውም። ሐሰን በሰው ፊት «አልጄሪያ ኩስኩስን ያወቀችው ከእኛ ነው» አለ። አብደልቃድር በማግስቱ ቲማቲም ከሌላ ሰፈር ማስመጣት ጀመረ። ቀጥሎ ሐሰን «እንግዲያው ልጄም ሚስት ከሌላ ሰፈር ይፈልግ» ማለቱ ተሰማ።

ሳሚራ አንድ ቀን ወጥ ቤት ገባች። ሽንኩርቱን የምከትፈው እኔ፣ የምታለቅሰው እሷ።

«አንክል፣ በናንተ አገር እንዲህ ሲሆን ምን ታደርጋላችሁ?»

ምናለ አፌን በያዘኝ! ሽማግሌ እንደሚላክ፣ የሽማግሌ ቃል እንደማይታጠፍ፣ ስንት የፈረሰ ቤት እንደቆመበት ነገርኳት። ሕዝባችንን ሰማይ ሰቀልኩት።

«እሺ፣ ሂድልኝ» አለችኝ።

ልጅቱን በትምህርት ቤት ልብሷ ነው የማውቃት። ነገሩ በእኔ እጅ ቢበላሽስ? ሁለት ቀን አመንትቼ በሦስተኛው ሐሰን ሱቅ ሄድኩ። ድንብላሉ ላይ ውሃ ይረጫል።

«ሽማግሌ ሆኜ ነው የመጣሁት» አልኩት።

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

ውሃውን አስቀመጠ። «በኛ አገር ለእርቅ ብቻውን የሚመጣ ሰው የለም። ብቻውን የመጣ ወሬ ፈላጊ ነው። ያን ረጅሙን ጓደኛህን ይዘኸው ና፤ ድሮ አብራችሁ ቃሪያ የምትገዙትን።»

አፈርኩ። በእኛም አገር ሽማግሌ ብቻውን አይሄድም፤ ለሳሚራ ስተርክ ይህቺን ሆን ብዬ ነው የዘለልኳት። ረጅሙ ጓደኛዬ ተፈራ ነዋ! ስደትን የጀመርነው ሃክኒ ውስጥ አንድ ክፍል፣ አንድ ብርድ ልብስ ተካፍለን ነው። ከዚያ የዘጠና ሰባት ምርጫ መጣ። አገር ቤት ያለው ሰው ድምፅ ሰጠ፤ ድምፅ ያልሰጠን እኛ ሎንዶን ላይ ተጣላን። እሱ አንዱን ወገን ያዘ፣ እኔ ሌላውን። ሆድ አደር አለኝ። እኔ ሰው በተሰበሰበበት የባሰ አልኩት። ይኸው አራት ዓመት፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስንተላለፍ ሁለታችንም ስልካችንን እናያለን። ሌላ ሰው አጣህ ወይ ትሉኝ ይሆናል። አሰብኩ፤ የማውቃቸው ሁሉ ወይ በዚያው ምርጫ ያኮረፍኳቸው ናቸው ወይ ያኮረፉኝ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

በሻይ ዕረፍቴ ደወልኩ። አነሳው፤ ሰላም የለ፣ እንዴት ነህ የለ።

«ማን ሞተ?» አለኝ።

«ማንም አልሞተም።»

«አትደብቀኝ። እህቴ ናት?»

«ማንም አልሞተም ተፈራ። ኩስኩስ ነው።»

ነገሩን ከሥሩ አስረዳሁት።

«ሐሙስ ሺፍት የለኝም» አለ በመጨረሻ። «አድሬሱን ቴክስት አድርግልኝ።»

አድራሻውን ከእኔ እኩል ያውቀዋል።

ሐሙስ ከብሪክስተን ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ መጣ። በጣቶቹ ጫፍ ጨበጠኝ። ሳሚራ አባቷን እየጎተተች አመጣችው፤ ከሐሰን ሱቅ ጓሮ ካለችው ክፍል አራታችን የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀመጥን። ተፈራ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ለልጆቹ ሲባል ሁለቱም ወገን የየራሱን ይሥራ አለ። ጥሩ ሐሳብ ነበር። እዚያ ላይ ዝም ብል ኖሮ አልቆ ነበር።

«መጀመሪያ በሰው ፊት የተሳደበው ይቅርታ ይጠይቅ» አልኩ፣ ሽማግሌ ለመምሰል።

ተፈራ ወደ እኔ ዞረ። እንግሊዝኛውን ጥሎ በአማርኛ፣ «በሰው ፊት የተሳደበው ማን ነው?» አለኝ።

«ያስጀመረኝ ማን ሆነና?»

ከዚያ በኋላ የተባባልነውን አልጽፈውም። አባቶቹ አማርኛ አይሰሙም፣ ግን ሁሉም ገብቷቸዋል። ሳሚራ በሩን ተደግፋ ታየኛለች። የልጅቱን ሠርግ በአፌ አፈረስኩት አልኩ በልቤ።

በዚህ መሃል ሁለቱ አባቶች ተነሱ። ሐሰን የእኔን ክንድ ያዘ፣ አብደልቃድር የተፈራን። «የእነሱ ዓረብኛ ከእኛ አይገጥምም» ሲባባሉ የኖሩ ሰዎች፣ አንድ ነገር በአንድ ትንፋሽ ተናገሩ፤ ደግመው በእንግሊዝኛ አሉት፦ «ራሱን ሳመው።» በእነሱ ዘንድ እርቅ የሚታሰረው ራስ በመሳም ነው ለካ። «ይሄኛው ግትር ነው» ሲል አብደልቃድር፣ «ያኛውም ያው ነው» ይላል ሐሰን። አንዱ የጀመረውን ምክር ሌላው ይጨርሰዋል፤ የአንዱ ተረት የሌላውም አባት ተረት ነው። ኩስኩሱን ማንም አላነሳውም። ሰሜን አፍሪካዊ የሚያሰኛቸው ምንድን ነው ብትሉኝ፣ እኔ ያየሁት ያን ቀን የሌላ ሰው ጠብ ሲገላግሉ ነው።

ተፈራ ረጅም ነውና ጎንበስ አለልኝ። መሃል ራሱ ተመልጧል። ጎረምሳ ሳለን ለዚያ ጠጉር ስንት ቅባት ገዝተናል! ሳምኩት።

ሠርጉ በቀኑ ሆነ። ነጩም ባለ ሰባት አትክልቱም ቀረበ፤ ተፈራና እኔ ክርስቲያን ነንና ሥጋውን እየገፋን ሁለቱንም ቀመስን። ሳሚራ ለእንግዳው ሁሉ «ያስታረቋቸው እነዚህ ሽማግሌዎች ናቸው» እያለች ስታስተዋውቀን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አላረምናትም።

ስንወጣ ፌርማታው ላይ ጎን ለጎን ቆምን። ተፈራ ከረባቱን ፈታ አደረገና፣

«ለመሆኑ ግን» አለ፣ «ያኔ ትክክል ማን ነበር?»

ሌላ አራት ዓመት ታየኝ።

«አውቶቡስህ መጣልህ» አልኩት።

መንገዱ ላይ አንድም አውቶቡስ አልነበረም። ተፈራ መንገዱን ወዲህም ወዲያም አየው፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

«አዎ፣ መጣ» አለና አጠገቤ ቆሞ ጠበቀው።