የኦቦ ጋሮማ አማካይ

ሁሉን አዋቂ የሌለው ሰፈር የለም። አንዱ ሰፈር የሕመም ሁሉ መድኃኒት አዋቂ አለው፤ ሌላው የፖለቲካ ተንታኝ። ለእኛ፣ ለነቀምቴ ጨለለቂ ሰፈር ሰዎች፣ የደረሱን ክቡር ኦቦ ጋሮማ ናቸው። እሳቸው የሚለኩት ደስታ ነው።

ሠላሳ ዓመት ኢኮኖሚክስ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ጡረታ የወጡት ግን ከደመወዙ እንጂ ከማስተማሩ አይደለም። ጠዋት «አካም ቡልታን» ብላችሁ ሰላምታችሁን ሳትጨርሱ «ደስታህ ከአሥር ስንት ነው?» ይላሉ። ስድስት ካላችሁ ለምን ሰባት መሆን እንዳለበት ያስረዳሉ። በሠርግ ላይ ሙሽራዋን ጠይቀው ዘጠኝ አለች፤ ሙሽራው ስምንት በማለቱ እስከ መልሱ ግብዣ ድረስ አልተነጋገሩም። ለቅሶ ቤት ሊጠይቁ ሲሉ ደግሞ ባለቤታቸው አዴ ፀጋ በኮታቸው ጎትተው አስቀምጠዋቸዋል።

እኔ መምህር ሆኜ ከደብረ ብርሃን የመጣሁ ዕለት ሻንጣዬን እንኳ ሳላወርድ ጠየቁኝ። ሆዴ ባብቶ ነበርና «ሦስት» አልኩ።

«አይ ልጄ! የሰፈሩን አማካይ አወረድክብን» አሉኝ፣ እንደ ሐኪም ራሳቸውን እየነቀነቁ።

ዘንድሮ አቶ አሳምነው የሚባል ገበሬ ልጆቹን ለማስተማር ከአንገር ጉቲን መጥቶ ሰፈራችን ቤት ተከራየ፤ ከነቤተሰቡ ሰባት ናቸው። አሥራ አንድ ቤት በተራ የሚቀዳበት አንድ ቦኖ ነው ያለን፤ ብዙ ጊዜም መጨረሻው ላይ ያለው ሳይደርሰው ውሃው ይቆማል። እንጨምራቸው ወይስ አንጨምራቸው በሚል ስብሰባ ተጠራ። ሰብሳቢዋ አከራዬ አዴ ድርቤ ናቸው።

«ኦቦ ጋሮማ ያስሉልን» አለ ነጋዴው ያደታ።

ኦቦ ጋሮማ ተነሡ። «አሳምነው፣ ደስታህ ከአሥር ስንት ነው?»

«ኧረ ጋሼ፣ ሁለትም ካለኝ ጥሩ ነው።»

«ውሃ ብታገኝስ?»

«አራት።»

አሰሉ። «የእኛ አማካይ ስድስት ነው። እነሱ ከገቡ ይወርዳል። ሂሳቡ አይጨመሩ ይላል።»

አሳምነው ኮፍያውን አንስቶ ሊወጣ ሲል አዴ ድርቤ ድምፃቸውን ሳያነሡ ጠየቁ። «ባለፈው ዓመት ባለቤቴ ሲሞት እኔ አንድ ነበርኩ። ያኔ ብታባርሩኝ አማካዩ ከፍ ይል ነበር ማለት ነው?»

«በንድፈ ሐሳብ ደረጃ...» ብለው ጀመሩና ቆሙ። መነጽራቸውን አወለቁ። ኦቦ ጋሮማ ዐረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ሲቀሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ታዲያ አማካዩን ትተን በድምር እንሂዳ!» አለ ያደታ።

«በድምር ከሄድን ደግሞ አንድ ቦኖ ላይ መቶ ቤት ደርድረን፣ ሁሉም በጭንቅ እየኖረ፣ ድምሩ በለጠ ብለን ልናጨበጭብ ነው።» አሉ ኦቦ ጋሮማ፣ መነጽራቸውን መልሰው እያጠለቁ። «ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት ነገር ቀዳዳ አለው። ሰዎቹ ውሃ ይቅዱ።»

አሳምነው አሥራ ሁለተኛ ተራ ተሰጠው።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ኦቦ ጋሮማ ናቸው፤ ራሳቸውም ፊታቸውም በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል። ቤታቸው ያለው ውሃ አልቆ፣ ቦኖውም ሳይደርሳቸው ቆሟል።

«እርስዎ ሁለተኛ ተራ አይደሉም እንዴ?»

«ዝም ብለህ አስታጥበኝ።»

ከኋላቸው አዴ ፀጋ አንሾካሾኩልኝ። «ተራውን ለአሳምነው ሰጥቶ አሥራ ሁለተኛ ሆኗል። ለማንም እንዳትነግሪ ብሎኛል።»

ጆጉን ይዤ ወጣሁ። ኦቦ ጋሮማ ጎንበስ እንዳሉ፣ ውሃ ከምን ያህል ከፍታ ቢፈስ እንደሚቆጠብ ያስረዱኝ ጀመር። ጆጉን ዝቅ አደረግኩት። ሲያልቅ ሳይጠይቁኝ ሁለተኛ ሞላሁ፤ ትምህርቱ እንዳይቋረጥ።