ከፒክአፗ ሥር የሚታዩት እግሮች

በየሰፈሩ አንዲት የማትንቀሳቀስ መኪና አለች። ከእያንዳንዷ የማትንቀሳቀስ መኪና ሥር ደግሞ ሁለት እግሮች ይታያሉ። የእግሮቹ ባለቤት መልካም ሰው ነው፤ ሥራ አለው፣ ትዳር አለው፣ እንደ ማንኛውም ሰው ፊትም አለው። ፊቱን ግን ከሚስቱ በቀር በቅርቡ ያየው የለም፤ እሷም ብትሆን ግራሶ ተለቅልቆ ነው የምታየው።

የዚህኛው ሰው ሚስት ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ የተቀመጠው ወደ ግቢው በሚያሳየው መስኮት ሥር ስለሆነ፣ ለዓመታት የኖረችው ከጫማ ጋር እያወራች ነው።

«ምሳ ቀርቧል» ትላለች ለጫማዎቹ።

«ትንሽ ነገር ናት የቀረችው» ይሏታል ጫማዎቹ።

ባለ ጫማው የጂኦግራፊ መምህር ነው። በራቸው ፊት ለፊት ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ግን መምህር ብሎ ጠርቶት አያውቅም፤ «ሊቀ ባሌስትራ» የሚል ማዕረግ ሰጥቶታል። ባሌስትራ የመኪናን ሸክም የሚችል፣ እየተደራረበ የሚታሰር የብረት ዝርግ ነው። ሊቀ ባሌስትራ ደግሞ ስለዚህ ብረት ማንም ሳይጠይቀው የሚያስረዳ ሰው ነው።

ነገሩ የተጀመረው ለደግ ነበር። የሚስቱ እናት ብቻቸውን የሚኖሩት ከተራራው ማዶ ነው። መንገዱ ተራራው ግርጌ ሲደርስ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ድንጋይና ወንዝ ነው። ጉልበታቸው ከከዳቸው ቆይቷል። ልጃቸው መጥተሽ ከእኔ ጋር ኑሪ ብላ ስትለምናቸው፣ የመንደሩ ሰዎች በቃሬዛ እናውርድዎት አሉ።

«በቃሬዛ የሚወርደው ሬሳ ነው» አሉ እናትየው። «እኔ ተቀምጬ ነው የምወርደው።»

ባልየው ይህን በሰማ ሰሞን አንዲት አሮጌ ፒክአፕ በሌላ መኪና አስጎትቶ ግቢ አስገባ። «ለእማማ ናት» ሲላት ሚስቱ በደስታ አለቀሰች። ውሎ አድሮ ያንን ዕንባ ቆጥቤው ቢሆን ኖሮ ብላ ተጸጽታለች።

ሊቀ ባሌስትራ አዲስ ዕቃ አይገዛም። አቅሙም የለውም፤ ቢኖረውም አይገዛም። «በአዲስ ዕቃ የሚሠራ ሰው መኪናውን አያውቃትም» ይላል፣ ከአሮጌ ብረት ተራ አንዱን ዝገት ታቅፎ ሲመለስ። አንደኛው በሯ ሰማያዊ ነው፣ ሌላኛው ነጭ፤ ኮፈኗ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው እስካሁን ስምምነት ላይ አልተደረሰም። የሾፌሩ ወንበር ከተዘጋ ፀጉር ቤት የመጣ ስለሆነ ወደ ኋላ ሲያጋድል ሾፌሩ ፂሙን ሊላጭ የተዘጋጀ ይመስላል። ሚስቱ የሾርባ ድስቷን ብትከፍት ካርቡሬተር በነጭ ጋዝ ተዘፍዝፎ አገኘች። አንድ ጊዜ ሠርግ ተጠርተው ሱፍ ልብሱን ብትፈልግ ብትፈልግ አጣችው።

«ሱፍህ የታለ?»

«ካምቢዮ ሆኗል» አላት፣ ሹመት ስላገኘ ዘመድ የሚያወራ ይመስል።

በቤታቸው «እሷ» ሲባል ማንን ለማለት እንደሆነ የሚለየው በድምፁ ነው። ለስለስ ብሎ ከተነገረ መኪናዋ ናት።

እናትየው በስልክ «መቼ ነው የምትመጡት?» ባሉ ቁጥር ሚስቱ ወሬውን ወደ ሌላ ታዞራለች። አንድ ቀን ሳታስበው «ትንሽ ነገር ናት የቀረችው፣ እማዬ» አለች። ስልኩን ከዘጋች በኋላ በራሷ አፈረች።

ዘንድሮ ክረምቱ ሊገባ ሲል ከማዶ ስልክ ተደወለ። እናትየው ደጃፋቸው ላይ ወድቀው፣ አላፊ አግዳሚ እስኪያነሳቸው ድረስ እዚያው ተኝተው ቆይተዋል። የተሰበረ ነገር የለም። ሚስቱ መቀሷን አስቀምጣ ወደ ግቢው ወጣችና ጫማዎቹ አጠገብ ቆመች።

«ስማ። ዝናቡ ሳይጥል እናቴን ካላመጣህ እኔ እዚያው ሄጄ እከርማለሁ። አንተ ከእሷ ጋር ክረም።»

ጫማዎቹ ወደ ውጭ ተንፏቀቁ። ቀጥሎ ጉልበት ወጣ፣ ሆድ ወጣ፣ በመጨረሻም ፊት ወጣ።

«ቅዳሜ» አለ።

ቅዳሜ ሞተሩ ተነሣ። ሰፈሩ በሙሉ ተሰበሰበ። ፒክአፗ እየተንገዳገደች እስከ ግቢው በር ሄደችና ቆመች። ከበሩ በላይ የተጋደመው ብረት ከጣሪያዋ በአንድ ጋት ዝቅ ብሏል። ተጎትታ ስትገባ ዝቅ ያለች ነበረች፤ ሊቀ ባሌስትራ ግን የጭነት መኪና ባሌስትራ ደራርቦ፣ በዚያ ላይ ትልልቅ ጎማ አጥልቆ ሰማይ ሰቅሏታል። የተራራውን ድንጋይ ለክቷል፣ የወንዙን ጥልቀት ለክቷል። የገዛ በሩን አልለካም።

ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ሚስቱ ብቻ አልሳቀችም። ባሏ ከወንበሩ ሳይነሣ ያንን ብረት አንጋጦ ሲያይ አየችው፤ ስለ ባሌስትራ አንድም ቃል አልተነፈሰም። እንዲህ ዝም ሲል አይታው ስለማታውቅ አንጀቷን በላት።

ጎሚስታው ሳቁን ውጦ ጎማዎቹን አስተነፈሰ። አሁንም ጥቂት ቀረ።

«እትዬ፣ ይቺ ባሌስትራ ያለ ሸክም ንቅንቅ አትልም» አላት።

ሚስቱ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ከኋላ የጭነት መጫኛዋ ላይ ወጣች። ወደ ሰዉ ዞረችና «የሳቀ ሁሉ ይውጣ» አለች።

ወጡ። ያልሳቀ ስላልነበረ መጫኛዋ ሞላ። አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው አንገታቸውን ቀበሩ፤ ባሌስትራው አቃሰተ፤ ፒክአፗ ከጣሪያዋ ትንሽ ቀለም ለበሩ ትታ ወጣች። ጎሚስታው ጎማዎቹን መልሶ ነፋ። ጭነቱ ሲራገፍ ተመልሳ ከፍ አለች፤ እንዴት ተመልሳ እንደምትገባ የጠየቀ አልነበረም። ባልየው ሚስቱን በእጇ ጎትቶ አሳፈራትና ሄዱ።

ድንጋዩን ወጣችው፣ ወንዙንም ተሻገረች። ሚስቱ መቀመጫውን ጨምድዳ ይዛ ነበር፤ ሊቀ ባሌስትራ ያፏጫል።

እናትየውን ጓዛቸውን ቋጥረው ደጅ ተቀምጠው አገኟቸው። በምርኩዛቸው ተነሥተው ቀረቡና ፒክአፗን ሽቅብ አዩዋት። የበሯ ወለል ደረታቸው ጋ ነው።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ መሰላል ይፈልጋል» አሉ።

ሚስቱ ከእናቷ ጉልበት ወደ በሩ ወለል አየች። ይሄ ሁሉ ዓመት፣ ይሄ ሁሉ ብረት፣ ጉልበት ለሌላት ሴት ይቺን ሰማይ ጠቀስ። ልትናገር አፏን ስትከፍት ባሏ ጎንበስ ብሎ ከበሩ ሥር አንድ ፒን መዘዘ። የታጠፈ ደረጃ እየተዘረጋ ወርዶ መሬት ነካ። ምንጣፍ ለብሷል፤ በጎኑ መያዣ ብረት አለው። እርከኖቹ ዝቅ ዝቅ ያሉ ናቸው፣ የእናትየው ደጃፍ ደረጃ ያህል፤ እሳቸው የሚችሉት ያንን ብቻ መሆኑን ያውቅ ነበር።

«በርጋታ፣ እማማ። መያዣውን ይያዙት።»

እናትየው ማንም ሳይደግፋቸው ወጥተው ተቀመጡ።

«ይሄን መቼ ሠራኸው?» አለች ሚስቱ።

«መጀመሪያ።»

«ከሞተሩ በፊት?»

«ከሁሉም በፊት። ከዚያ በኋላ ያለው ትርፍ ሥራ ነው።»

«እና እኔን ጠዋት እንደ ከረጢት ጎትተህ የጫንከኝ ለምንድን ነው?»

«ያንቺ ጉልበት ደህና ነዋ።»

ልትቆጣ ፈልጋ ቁጣው አልመጣላትም። በዚያች ሰዓት ከዚህ ሰው የሚበልጥባት ሰው በምድር ላይ አልነበረም። እሱ ደረጃውን ሊያጥፍ ሲያጎነብስ እናትየው ከላይ ሆነው አዩት።

«ቆይ፣ አትጠፈው። ልጄም በእሱ ትውጣ።»

ባልየው እጁን ዘረጋላት። በግራሶ እንደተለቀለቀ ያዘችው።