ጭንቅላቱን የታመመው ባል

መካን ወንድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በጋዜጠኝነት ዘመኔ ደብረ ማርቆስ ላይ አንድም አላጋጠመኝም፤ ያጋጠሙኝ ሚስቶቻቸው የማይወልዱላቸው ባሎች ናቸው።

ጎረቤቴ አያሌው ሚስቱን አልወለደችልኝም ብሎ ደብረ ኤልያስ ወላጆቿ ቤት ሊመልሳት ሲሰናዳ፣ የወንዶችን መካንነት ወደሚያጠና ተመራማሪ ሐኪም ለምኜ ወሰድኩት። ሐኪሙ የምርመራውን ውጤት አይቶ፣ "ዘር እንዲመረት የሚያዘው ሃይፖታላመስ የሚባል የአንጎል ክፍል ነው። ያንተ ትእዛዙን አላስተላለፈም፤ መድኃኒት ግን አለው" አለው።

"ታዲያ ሕመሙ የጭንቅላት ነዋ?" አለ አያሌው፣ ፊቱ በርቶ።

በጭንቅላት ሕመሙ የኮራ ሰው ያየሁት ያን ቀን ነው። ቤት ገብቶ ሳያፍር ለእናቱ ነገራቸው። ምራታቸውን ለዓመታት ጠበል ያመላለሱት እናት በማግስቱ፣ "ተነስ፣ ዛሬ አንተ ነህ የምትጠመቀው" አሉት።

ሚስቱ ለዓመታት ጠበል የቀዳችበትን ጀሪካን አስይዛ ሸኘችው።

"ሂድ፤ ቤቱን እኔ እጠብቃለሁ።"