ኋላ የሌለው ካሜራ

አንድ ዕቃ ገበያ ላይ ወድቆ ሲቀር ምክንያቱን ዐውቃለሁ የሚል ሰው አይጠፋም። ስሙን የማልጠራው አንድ የባሕር ማዶ ኩባንያ ዓይን ላይ የሚታሰር፣ የተቀመጡበትን ቤት አጥፍቶ ሌላ አገር የሚያሳይ ውድ መነጽር ሠርቶ፣ ሰው ይሻማበታል ብሎ ሲጠብቅ ሰው ዞር ብሎም አላየው አሉ። ዐዋቂዎቹ ለምን ሲባሉ አንዱ ዋጋው ሰማይ ነክቷል ይላል፤ ሌላው አንገት ያሳምማል፣ ሌላው ባትሪው ቶሎ ያልቃል ይላል። ሁሉም እውነታቸውን ነው። እኔም ደብረ ማርቆስ ቁጭ ብዬ፣ የስልኬን ድምፅ ለመቀነስ እንኳ ጎረቤት የምጠራ ጡረተኛ የአማርኛ መምህር ሆኜ ሳለ፣ የራሴ ጥናት አለኝ። ጥናቱ የተደረገው በአንድ ሰው ላይ ነው፤ እሷም እህቴ ናት።

እህቴ ወይዘሮ የውብዳር ታላቄ ናት፤ እታለም ነው የምላት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ደብረ ኤልያስ ገጠር ካለው ቤቷ አምጥቻት አብራኝ ትኖራለች። ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏታል፣ ደም ብዛትም አለባት፣ አንደበቷ ግን ደህና ነው። በዚያ በአገሯ የሺ የምትባል ወዳጅ ነበረቻት። አብረው ውሃ ቀድተው ያደጉ፣ በአንድ ሳምንት ተድረው አጥር ለአጥር የኖሩ፣ ዕድሜ ልካቸውን እሳት የተጫጫሩ ሴቶች ናቸው።

የሺ ሞታለች። ይህን አሁኑኑ የምነግራችሁ በእታለም ላይ ያደረግነውን በእናንተ ላይ እንዳልደግመው ብዬ ነው።

እታለም የባሏን መርዶ በሰማች ጊዜ ራሷን ስታ ወድቃ ሁለት ሳምንት ሆስፒታል ተኝታለች። ሐኪሙም ድንገተኛ ነገር እንዳታሰሟት ብሎ አስጠንቅቆናል። ስለዚህ የሺ ስትሞት ቤተ ዘመድ መከረና ትንሽ ይቆይ ተባለ። መቼም ለመርዶ የሚመች ቀን የለም። መጀመሪያ ደም ብዛቷ እስኪወርድ አልን። ሲወርድ ጾም ገባ፤ በጾም አቅም የላትም ተባለ። ጾሙ ሲፈታ በዓል ሆነ፤ በበዓል ማን ሰው ያስለቅሳል? ከዚያ ዝናቡ መጣ፤ ለቀስተኛው የት ይቀመጣል? እንዲህ እያልን አምስት ወር ሞላን። እኔ ራሴ ቀብር ደርሼ ስመለስ ጥቁር ኮቴን ጎረቤት ቤት አውልቄ፣ እያፏጨሁ ነው ቤቴ የገባሁት። ከዚያ በፊት በሕይወቴ አፏጭቼ አላውቅም።

የሺ እንዴት ናት ባለች ቁጥር ዲማ ጸበል ገብታለች እንላታለን። ስልክስ አትይዝም ወይ ስትል፣ ጸበል ቦታ ስልክ አይፈቀድም እንላለን። ሰው አንድ ጊዜ መዋሸት ከጀመረ መልስ አያጣም። እታለምም እኛን አምና፣ በየጠዋቱ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙራ ስትጸልይ፣ ልጆቿን ጨርሳ ወደ የሺ ስትደርስ እሰማታለሁ። ጸበሉን መድኃኒት አድርግላት ትላለች። እኔ ያን ጊዜ ጫማዬን እፈልጋለሁ፣ ወደ ደጅ እወጣለሁ። በአምስተኛው ወር ግን ትዕግሥቷ አለቀ። ይኼን ያህል የሚያስቀምጥ በሽታ ቀላል አይደለም፣ ሄጄ ላስታምማት፣ ጉልበቴ እንቢ ካለ ተሸከሙኝ አለች።

ያን ጊዜ ነው የመጨረሻ ልጇ ሀብታሙ የደረሰልን። አዲስ አበባ ኮምፒውተር ቤት የሚሠራ፣ እናቱን እንደ ዓይኑ ብሌን የሚያይ ልጅ ነው። ያን መነጽር ከውጭ ካመጣው ጓደኛው ገዝቶ ይዞ መጣ። ሐሳቡ አገሯን በዙሪያ ካሜራ ቀርጾ እመነጽሩ ውስጥ ሊያስገባላት ነው። እናቴ አገሯንና የወዳጇን ቤት አይታ ናፍቆቷ ይወጣላታል፣ እኛም ጊዜ እናገኛለን አለኝ። አምስት ወር ያልበቃን ሰዎች ሌላ ጊዜ ምን ሊያደርግልን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ሐሳቡን ግን ወደድኩት።

ቅዳሜ ዕለት ሁለታችን የሺ ቤት ሄድን። ቤቱ ገና ከሐዘን አልወጣም። ባሏ አያ ተገኘ ራሳቸውን ተላጭተው፣ ጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል። ያመጣንን ነገር ስነግራቸው አገጫቸውን እዱላቸው ላይ አድርገው ሰሙኝና፣ ንገሯት ብቻ አሉኝ። የሐኪሙን ቃል ጠቀስኩላቸው። ሀብታሙ የያዘውን ዕቃ አተኩረው አዩ። እኔም ዝምታቸውን እንደ እሺታ ቆጥሬ ወደ ሥራዬ ገባሁ። የሺን ልጅ ብርቄን የጎረቤት ቀይ ቀሚስ አለበስኳት፣ የተላጨ ራሷን በሻሽ አሰርኩ፣ እማዬ ጸበል ናት፣ ደህና ናት በይ ብዬ አስጠናኋት። ልጅቱ መሬት መሬት እያየች ደገመችው። ስንት ዓመት ሳስተምር እንደዚያ ያፈርኩበት ትምህርት የለም።

ሀብታሙ ካሜራውን ግቢው መሐል አቁሞ፣ እሱ እንዳይታይ ከአጥሩ ወጣ። እኔ ደግሞ ፎቶ ሲነሳ ከልጅነቴ ጀምሮ ያየሁትን አደረግሁ። ጥቁር የለበሰውን ሁሉ፣ ነጠላ ያዘቀዘቀችውን ሁሉ፣ አያ ተገኘንም ጭምር ሰብስቤ ከካሜራው ኋላ አስቀመጥኩና እኔም አብሬያቸው ቆምኩ። ሀብታሙ መንገድ ላይ ሦስት መቶ ስልሳ ዲግሪ ነው ብሎኝ ነበር፤ የካሜራውን ሙቀት የነገረኝ መስሎኝ ነው። ሲመለስም በስልኩ የብርቄን ፊት አየት አድርጎ፣ ደህና ወጥቷል አለና ዘጋው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እታለምን ሳሎን አስቀምጠን መነጽሩን አሰርንላት። አስቀድማ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ሰው ፊት ልትወጣ ነዋ። ወዲያው ፊቷ በራ። እንዴት ዋላችሁ አለች፣ ማንም ሳይመልስላት ሲቀር ትንሽ ቅር አላት። የሰሌን ምንጣፌ ላይ የሌለች ዶሮ እሽ ብላ አባረረች። ብርቄ ስትናገር ጆሮዋን ሰጥታ ሰማቻትና፣ ምነው ከሳሽ ልጄ አለቻት። እኔና ሀብታሙ ተያይተን ፈገግ አልን። እንዲህ ያለ ዕቃ እንዴት ገዢ ያጣል ብዬም አሰብኩ።

እመነጽሩ ውስጥ ሰው ከኋላ ሳል አለ። እታለም ወደ ድምፁ ዞረች።

ዞራ ቀረች። አፏ ትንሽ ተከፈተ፣ ተዘጋ። እጇን ወደ ፊት ዘረጋች፣ የሚይዛት አጣች። ምን እንደምታይ እኛ አናይም፤ የምናየው ጥቁር ጭንብልና ከሥሩ ያለውን ጉንጯን ብቻ ነው። ከዚያ በቀስታ ተናገረች።

«ተጌ፣ እግዜር ያጥናህ።»

ይህ ቃል ለሌላ ነገር አይባልም። ሀብታሙ ግድግዳውን ተደገፈ። እኔ የተዘረጋ እጇን ያዝኩት፤ እሷ ግን የያዛት የእኔ እጅ መሆኑን አላወቀችም። የአያ ተገኘ መስሏት አጥብቃ ያዘችው፣ ጎንበስ ብላ ሳመችው፣ ምነው ያለ እኔ አስቀመጡህ አለችው። እጄን አልነጠቅሁም። እንባዋ ከመነጽሩ ሥር እየወረደ ነው፣ በነጠላዋ ልትጠርገው ብትሞክር ዕቃው መንገድ ዘግቷል። ልናወልቅላት ስንል ራሷን ነቀነቀች፤ አያ ተገኘ ገና እዚያ ተቀምጠዋል።

የጥናቴ ውጤት ይኸው ነው። በእኛ አገር መርዶ ሲነገር ሰው ተሰብስቦ፣ ግራ ቀኝ ተይዞ ነው። እህቴ ግን እዚያ በሰው መካከል ሆና ማንም አላያትም፤ እዚህ እኛ አጠገቧ ቆመን የምታየውን አላየንም። አብሮ ማልቀስ እንኳ አልቻልንም። ዋጋው ቢቀንስ፣ ክብደቱ ቢቀል፣ ባትሪው ቀኑን ሙሉ ቢዘልቅ ይህ አይድንም።

መነጽሩን ራሷ አወለቀችው። ስንት ጊዜዋ ነው አለች። አምስት ወር አልኳት። መቼም ይህን ያህል ዓመት ስኖር እንደዚያ ዓይነት ዓይን አላየሁም። አልጮኸችም፣ አልወደቀችም።

«አምስት ወር ሙሉ፣» አለችኝ፣ «ለሞተች ሰው ጤና ስጸልይ እየሰማህ ዝም አልክ?»

እኔም እንደ ልማዴ ጫማዬን ፈለግሁ። ጎረቤታችን ያለችው ነርስ መጥታ ደም ብዛቷን ለካች፤ ደህና ነው። ለማንኛውም ብላ የእኔን ስትለካ ግን ደንግጣ መድኃኒት ሰጠችኝ።

በማግሥቱ መኪና ተከራይተን ወሰድናት። መኪና ከማይገባበት ጀምሮ የመንደሩ ወጣቶች በወንበር ተሸከሟት። ገና አጥሩ ጋ ስትደርስ የሺን በስሟ እየጠራች አለቀሰች፣ ሴቶቹ ተቀበሏት፣ ብርቄ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ እቅፏ ውስጥ ገባች። ደረቷን ስትመታ እጇን የሚይዛት፣ ስትደክም ውሃ የሚሰጣት ሰው ነበረ። አምስት ወር የፈራነው ሐዘን ይኸው ነበር። እኔም በየሺ ቀብር ላይ ያላለቀስኩትን ያን ቀን አለቀስኩ።

ለቅሶው ረገብ ሲል አያ ተገኘ በዱላቸው ነካ አድርገው ወደ አጥሩ ጥግ ወሰዱኝ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። ከካሜራው ኋላ ያስቀመጥኳቸው በአላዋቂነት ነው፣ እንዲህ ይሆናል ብዬ አልነበረም ልላቸው ነበር።

«አትቀየመኝ መምህር፣» አሉኝ። «ካሜራው ዙሪያውን እንደሚያይ ልጁን ጠይቄው ነግሮኛል። አንተ ወደ ኋላ ስትለኝ ዐውቄ ነው የተቀመጥኩት። እንዳታልፈኝም ሳልኩላት። የየሺን መርዶ ለወዳጇ የሚያደርስላት ሰው ብጠብቅ ብጠብቅ አጣሁ።»

ሀብታሙ አሁን መነጽሩን ሊሸጠው ይፈልጋል፤ ደብረ ማርቆስ ገዢ አልተገኘለትም። የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ አልዋሽም፤ ውሸቱ በቅቶኛል። አንድ ቀን ብቻ ሠርቷል፣ ያን ቀንም ያሠሩት አያ ተገኘ ናቸው እለዋለሁ።